«እኛስ የት ነን?»፦ ለልጆች የአገራቸውን ታሪክ በባለ ሥዕል መጽሐፍ ስለማስተማር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ዐረፋ ከመካከላችን አንዷ በዓሉን ከቤተሰቧ ጋር ለማሳለፍ ወደ አገሯ ሄዳ ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ከጎረቤት የተዋሰውን ባለ ሥዕል የታሪክ መጽሐፍ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ነገሥታቱን፣ ፈረሶቹንና ሐውልቶቹን አንድ በአንድ ካገላበጠ በኋላ «እኛስ የት ነን?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «ሁሉም የእኛ ነው እኮ» አለችው። መልሷ ትክክል ነበር፤ ልጁን ግን አላረካውም። «አይ፣ እንደ አባባ ኮፍያ ያደረገ ሰው የት አለ?» ሲል ደግሞ ጠየቃት።

እህታችን ይህን ጥያቄ ይዛ ወደ ግቢ ተመለሰች። በሐለቃችን ላይ ስታነሳው ብዙዎቻችን ተመሳሳይ ነገር ከታናናሾቻችን እንደሰማን፣ አንዳንዶቻችንም በልጅነታችን ራሳችን ጠይቀነው እንደነበር አስታወስን። አሁን ክረምቱ እየቀረበ ነው። ፈተናችንን ጨርሰን ወደየቤታችን ስንመለስ ታናናሾቻችን፣ የጎረቤት ልጆችና የሰፈራችን መድረሳ ተማሪዎች ይጠብቁናል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የአገራችንን ታሪክ ለልጆች በሥዕል አድርገን፣ እውነቱን ሳንቀንስና ሳንጨምር፣ እንዴት እናስተምራለን?

ለምን በሥዕል?

የሰባት ዓመት ልጅ «የዛሬ 1400 ዓመት» ሲባልና «አያትህ ልጅ ሳሉ» ሲባል ብዙም ልዩነት አይታየውም። ሁለቱም ለእሱ «ድሮ» ናቸው። የዓመተ ምሕረት ቁጥር ብናስሸመድደው ለፈተና ይይዘውና ይረሳዋል። በጣቱ ሊያመለክተው የሚችለውን ነገር ግን አይረሳም፤ መርከቡን፣ የከተማውን በር፣ የጥቁሩን ልብስ ምልክት። ከዚያም ይጠይቃል። «መርከቡ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ምን ይበሉ ነበር? እናቶቻቸው አላለቀሱም?» ታሪክ መማር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ባለ ሥዕል መጽሐፍ አብሮ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ልጁ ብቻውን ቢይዘው ሥዕል ያያል፤ ከእኛ ጋር ሲይዘው ግን ጭውውት ይሆናል። ብዙ ቤቶቻችን ውስጥ ስልክ የወሰደው የማታ ሰዓት በዚህ ሊመለስ ይችላል።

አደጋም አለው። በልጅነት ያየነው ሥዕል ከአእምሯችን በቀላሉ አይወጣም። የተሳሳተ ሥዕል ካሳየነው ስሕተቱ አብሮት ያድጋል። ለልጅ የሚሠራ መጽሐፍ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባድ አማና ነው።

ከሐበሻ የተመለሰችው ልጅ

ለልጆች ሊነገር የሚገባው ታሪክ የት ይገኛል ለምትሉ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ሂጅራ ሁላችንም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ነቢይነት በተሰጠ በአምስተኛው ዓመት፣ ከ20 የማይበልጡ ሙስሊም ወንዶችና ሴቶች የመካን ግፍ ሸሽተው በመርከብ ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ከእነርሱ መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ነበሩ። በኋላም ከ80 በላይ ወንዶች፣ ከእነርሱም ጋር ሴቶችና ልጆች፣ በዚህች አገር ተጠለሉ። ይህን ታሪክ ስንተርክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ንግግርና ስለ ንጉሡ ፍትሕ እናወራለን። ተገቢም ነው። ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ልጆችም እንደነበሩ እንረሳለን።

ሰሓቦቹ በሐበሻ ለዓመታት ኖረዋል፤ ወልደዋልም። የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ነው። ኡሙ ኻሊድ በሚል የሚታወቁት የኻሊድ ኢብን ሰዒድ ልጅም የተወለዱትና ክፉ ደጉን የለዩት እዚሁ ነው። በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ ስደተኞቹ ወደ መዲና ሲመለሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለባት ትንሽ ጥቁር ልብስ በእጃቸው ይዘው ለማን ትሰጥ ብለው ጠየቁ። ሰው ዝም ሲል ልጅቷን አስጠሩና በራሳቸው እጅ አለበሷት። ከዚያም ልብሱ ላይ ያለውን ምልክት እያመለከቱ «ሰናህ» አሏት። ቃሉ ዐረብኛ አይደለም። ዘጋቢዎቹ እንደሚያስረዱት በሐበሻ ቋንቋ «ቆንጆ» ማለት ነው። ግእዝ የሚያውቅ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ቃል ወዲያው ያስታውሳል። በሌላ ዘገባ ደግሞ ልጅቷ በነቢዩ ጀርባ ላይ ባለው የነቢይነት ማኅተም ስትጫወት አባቷ ሲቆጣት፣ ነቢዩ እንዲተዋት ነግረውታል።

እስኪ ይህን እናስተንትነው። ልጅቷ ወላጆቿ አገራችን ብለው ወደሚመለሱበት ምድር ስትገባ ለእሷ አዲስ ነበር። የምታውቀው አገር ወደ ኋላ ቀርቷል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ሁሉ ሥራ ይዘው ሳለ ለአንዲት ትንሽ ልጅ ባደገችበት አገር ቃል አናገሯት። ያ ቃል የእኛ አገር ቃል ነው። «እኛስ የት ነን?» ላለው ልጅ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ገጽ አናውቅም። ለእኛ ለአስተማሪዎቹም ትምህርት አለው። ልጅን የምናስተምረው እሱ በሚያውቀው ቃልና በሚያየው ነገር ነው፤ ልብሱን እያሳየን፣ ምልክቱን እያመለከትን።

የምንስለውና የማንስለው

«ታዲያ ነቢዩንና ሰሓቦቹን ልንስል ነው?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንስልም። የነቢያትን መልክ አለመሳል ከአደቦቻችን አንዱ ነው፤ በሰሓቦችም ላይ ብዙ ዑለሞች ይከለክላሉ። በአጠቃላይ ሕይወት ያለውን ነገር ስለመሳል ደግሞ በዑለሞች መካከል ልዩነት አለ። ከፊሎቹ ይከለክላሉ፤ ከፊሎቹ ለልጆች ማስተማሪያ ሲሆን ይፈቅዳሉ፤ ለዚህም ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር የሚገልጸውን ሐዲስ ያነሳሉ። እኛ ፈትዋ የምንሰጥበት ቦታ ላይ አይደለንም። እያንዳንዳችን የየአካባቢያችንን ኡስታዝ እንጠይቅ።

ለሥራችን ግን ሁሉም የሚስማማበት መንገድ አለ። ሰውን ትተን ነገሮችን እንስላለን፤ ባሕሩን፣ መርከቡን፣ በአሸዋ ላይ የቀረ የእግር ዱካን፣ ባዶ ዙፋንን፣ ልብሱን፣ የከተማውን ቅጥር፣ ሎህና ቀለምን። ስንሞክረው ደግሞ ጉድለት ሆኖ አላገኘነውም። ፊት የሌለበት ሥዕል ሲያይ ልጁ ራሱን እዚያ ያስቀምጣል። «ይህ የማን ዱካ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንነግረዋለን።

ለዘመኑ የሚስማማ ነገር መሳልም የግድ ነው። በአክሱም ዘመን ታሪክ ላይ መስጊድ ከረጃጅም ሚናራዎች ጋር ወይም የዛሬ ሰንደቅ ዓላማ ከሳልን ልጁን አሳስተነዋል። አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች የምትቀርጽ መንግሥት ነበረች። ከዒዛና ዘመን በፊት ባሉት ላይ ጨረቃና ክብ፣ በኋላ ባሉት ላይ ደግሞ መስቀል ይታያል። ሳንቲሙን እንዳለ፣ ከነመስቀሉ እንሳለው። ሰሓቦቹን ያስጠለለው ንጉሥ የክርስቲያን መንግሥት ንጉሥ ነበር። ይህን ከልጁ ከደበቅን የታሪኩን ግማሽ ውበት ደበቅን ማለት ነው።

«እናውቃለን» እና «ሲነገር ሰምተናል»

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናለች። ሙሐዲሶቻችን ይህን ትእዛዝ ይዘው ሰነድ የሚባለውን ታላቅ ዕውቀት አቆሙ። ለልጅ በምንሠራው መጽሐፍ ውስጥም የዚህ ዕውቀት ጥቂት መዓዛ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አረፍተ ነገር እንጠቀም።

የመጀመሪያው «እናውቃለን» የሚል ነው። «ሰሓቦች ወደ ሐበሻ እንደመጡ፣ ንጉሡም እንዳስጠለላቸው እናውቃለን።» «ንጉሡ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሩቅ ሆነው የጀናዛ ሰላት እንደሰገዱበት እናውቃለን።» እነዚህ በጠንካራ ዘገባ የመጡ ናቸው።

ሁለተኛው «አባቶቻችን ሲናገሩ ሰምተናል» የሚል ነው። በትግራይ፣ ከውቅሮ አቅራቢያ በምትገኘው የነጋሽ መንደር ነጃሺና የተወሰኑ ሰሓቦች እንደተቀበሩ የአካባቢው ሰዎች ከትውልድ ትውልድ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ብዙ ሙስሊሞችም ቦታውን በክብር ይዘውት ኖረዋል። ይህ ትልቅ ትውፊት ነው፤ መነገርም አለበት። የሚነገረው ግን በትውፊትነቱ ነው።

ሁለቱን ለይቶ የተማረ ልጅ ሲያድግ በስልክ የመጣለትን ሁሉ አይውጥም። «ይህን ማን ነገረህ?» ማለትን ይለምዳል። እኛ ራሳችን ግቢ ገብተን በየቀኑ የምናየው ችግር የዚህ ልማድ ማጣት አይደለምን?

የሚያሙ ገጾች

በሐለቃችን ላይ ብዙ ያከራከረን ይህ ነው። ከመካከላችን ከፊሎቹ «ለልጅ ደግ ደጉን ብቻ እንንገረው» አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ «የደረሰብንን በደል ካልነገርነው ማን ይነግረዋል?» አሉ። ሁለቱም ወገን የተናገረው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ሁለቱም ብቻቸውን ሲቆሙ ጎደሎ ሆነው አገኘናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1529 በሽምብራ ኩሬ ከተደረገው ጦርነት ጀምሮ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 እስከተገደሉበት ድረስ አገሪቱ በከባድ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በሁለቱም በኩል ሰው አልቋል። ይህን የጻፈው ሌላ ወገን ብቻ አይደለም። በኢማሙ ወገን ሆኖ ዘመቻውን የመዘገበው ዐረብ ፈቂህም ጽፎታል። ከ300 ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። እምቢ ያሉ ተሰደዱ፤ የሞቱም አሉ።

ለሰባት ዓመት ልጅ የሞትን ዝርዝር አንነግረውም። ውሸትም አንነግረውም። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «በዚያ ጊዜ ትልቅ ጦርነት ነበር። የሰዎች ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ብዙ ሰው አዘነ።» በሌላው ገጽ ደግሞ፦ «በዚያ ጊዜ ሙስሊሞች ሃይማኖታችሁን ተዉ ተባሉ። ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። ብዙ ሰው አዘነ።» የመጨረሻው አረፍተ ነገር በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። ልጁ የእናቱን ወገን ሐዘንና የጎረቤቱን ወገን ሐዘን በአንድ ቃል ከተማረ፣ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን የሚያዘው የቁርኣን ትምህርት ገና ሳያነበው ወደ ልቡ ይገባል።

ሰባት ጥንድ ገጾች

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አራት ነጭ ወረቀት (የተለመደው ኤ4) ከመሐል አጥፈን ብንሰፋ 16 ገጽ ይወጣዋል። የፊትና የኋላ ሽፋኑ ሲቀነስ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰባት ጥንድ ገጾች ይኖሩናል። በእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሥዕልና ከአራት የማይበልጡ አጫጭር አረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ለመጀመሪያ የሚሆን ዕቅድ እነሆ፦

1. ካርታ። መካ፣ ቀይ ባሕርና ሐበሻ። ልጁ በጣቱ ባሕሩን ይሻገር።

2. መርከብ። የመጀመሪያው ሂጅራ። ማዕበሉን ልጁ ራሱ ቀለም ይቀባው።

3. ባዶ ዙፋንና በመሬት ላይ ያለች ትንሽ እንጨት። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ከሱረቱ መርየም ሲያነቡ ንጉሡ እንዳለቀሰ፣ ከዚያም ከመሬት እንጨት አንስቶ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) የሰማው እሱ ከሚያምነው በእንጨቷ ልክ እንኳ እንደማይለይ መናገሩ ተዘግቧል።

4. ጥቁር ልብስ ከነጥለቱ። የኡሙ ኻሊድ ታሪክና «ሰናህ» የሚለው ቃል።

5. የሐረር ጀጎልና አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ። ቅጥሩን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ ይነገራል። የጦርነቱን ገጽ እዚህ እናገባዋለን፤ ከተማ ቅጥር የሚሠራው ሲፈራ ነውና። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

6. ሎህ፣ የሸምበቆ ብዕርና ቀለም። የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ እየጻፉ መንዙማቸውን እንዳቆዩልን። የቦሩ ሜዳም ነገር እዚህ ይነገራል።

7. በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ብዙ ጫማዎች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቀው ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። «በዒድ ቀን ትምህርት ቤት ለምን እንደሚዘጋ ታውቃለህ?» ብለን ብንጀምር ልጁ ጆሮውን ይሰጠናል።

ይህ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ታሪካችን በዚህ ያበቃል ማለት አይደለም። ሁለተኛው መጽሐፍ የአክሱም ሐውልት፣ ላሊበላ፣ የጂማ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ሊኖሩት ይገባል። «ሁሉም የእኛ ነው» ያለችው እህታችን ትክክል ነበረች። ልጁ ያንን የሚያምነው ግን መጀመሪያ የራሱን አያቶች ከቤቱ ውስጥ ሲያገኛቸው ነው። ራሱን ብቻ የሚያይ ልጅ ደግሞ ትዕቢተኛ ይሆናል። ሁለቱም መጻሕፍት ያስፈልጋሉ።

ስናነብላቸው

በአንድ ማታ ከአንድ ጥንድ ገጽ አንለፍ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳናነብ ሥዕሉን ብቻ እናሳየውና «ምን ይታይሃል?» እንበለው። የሚለውን እስኪጨርስ እንታገሥ። ከዚያ እናንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተን እሱ እንዲነግረን እናድርግ። ከተሳሳተ አንሳቅበት፤ ገጹን ከፍተን አብረን እንይ። የማናውቀውን ከጠየቀን «አላውቅም፤ ነገ ኡስታዝን አብረን እንጠይቃለን» እንበለው። «አላሁ አዕለም» ማለትን ከእኛ ቢሰማ ከዕውቀት ሁሉ በላጩን ሰማ።

የኋላ ሽፋኑን ባዶ እንተወው። ከላዩ ላይ «አያቴ የነገሩኝ» ብለን እንጻፍበት። ልጁ አያቱ ዘንድ ሄዶ «ልጅ ሳሉ ቁርኣን የት ተቀሩ? ዒድን እንዴት ታከብሩ ነበር?» ብሎ ይጠይቅና የሰማውን ይሳል። ብዙዎቹ አያቶቻችን ያልተጻፈ ታሪክ ይዘው ነው ያሉት። አንዱን ገጽ እንኳ ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር ብናስቀረው ትልቅ ነገር ነው።

ቋንቋንም እንዳንረሳ። በጀማዓችን ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ስልጥኛ፣ ሐረሪኛ፣ ትግርኛና ሌሎችንም የሚናገሩ አሉ። ሥዕሉ አንድ ይሁን፤ ጽሑፉን እያንዳንዳችን ለታናሻችን በሚገባው ቋንቋ እንጻፈው። ለኡሙ ኻሊድ በምታውቀው ቃል የተናገሩትን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና መከተል አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ለሐለቃ ውይይት

በሚቀጥለው ሐለቃችን እነዚህን ይዘን እንምጣ፦

አንደኛ፣ ከትውልድ አካባቢያችሁ ለልጅ በሥዕል ሊነገር የሚችል አንድ ቦታ ወይም አንድ ዕቃ የትኛው ነው?

ሁለተኛ፣ ስለዚያ ነገር «እናውቃለን» የምትሉት የትኛውን ነው? «ሲነገር ሰምተናል» የምትሉትስ?

ሦስተኛ፣ ለክርስቲያን ጓደኛችሁ ታናሽ ወንድም ብታነቡለት የምታፍሩበት ወይም የምትለውጡት አረፍተ ነገር በመጽሐፋችሁ ውስጥ አለ? ካለ፣ ለራሳችሁ ወንድም ስታነቡለትስ ለምን ይቀራል?

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያስተካክልልን። የያዝነውን አማና የምንወጣ ያድርገን። ልጆቻችንን እውነትን የሚወዱ፣ ፍትሕን የሚሠሩና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።